ሽጉጡ ፍሎሪዳ፣ ፍተሻው ሜሪላንድ

## ለምን ይህን ጉዳይ

ሽጉጥ ሸሽጎ የመያዝ ፈቃድ መንጃ ፈቃድ ላይ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ? አሜሪካ ውስጥ ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይነሳል። አንዱ ወገን «ፖሊሱ ማንን እንዳስቆመ ማወቅ አለበት» ይላል። ሌላው «ባንክ ቤት ያለው ገንዘብ ከፋይ ሁሉ ሽጉጥ እንዳለኝ ለምን ይወቅ?» ይላል። ሁለቱም ሲናገሩ ልክ ይመስላሉ።

እኔ ክርክሩን ትቼ አንድ እውነተኛ ጉዳይ ላይ ማተኮር መርጫለሁ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2013 ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ላይ የደረሰ ነው። የሞተ ሰው የለም። እስር ቤት የገባም የለም። መኪናው ውስጥ ሽጉጥ እንኳ አልነበረም። ያም ሆኖ ጥያቄውን እንደዚህ ጉዳይ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ አላገኘሁም። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም፤ ለትምህርቱ ስማቸው አያስፈልግም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የሐበሻ ሰው እዚህ አካባቢ በአንድ ቀን ሦስት የሕግ ክልል ይረግጣል። አሌክሳንድሪያ ያድራል፣ ዲሲ ይሠራል፣ ለልቅሶ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይሄዳል። ነዳጅ ማደያ ወይም ትንሽ ሱቅ ያላቸው፣ ማታ ጥሬ ገንዘብ ይዘው የሚወጡ ወገኖቻችን ፈቃድ እያወጡ ነው። ጉዳዩ የሩቅ ሰው ጉዳይ አይደለም።

## መነሻው

ሰውዬው የፍሎሪዳ ነዋሪ ነው። ባለቤትና ልጆች አሉት። የፍሎሪዳን ፈቃድ አውጥቷል። ፍሎሪዳ ይህን ፈቃድ የሚሰጠው የግብርናና የሸማቾች አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው። አዎ፣ ግብርና። መጀመሪያ ስሰማ እኔም ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ቤተሰቡ የገናን በዓል ኒው ጀርሲ ዘመድ ጋ አሳለፈ። ሰውዬው ሽጉጡን ይዞ አልሄደም። እስከ ኒው ጀርሲ የሚያልፍባቸው አንዳንድ ስቴቶች የፍሎሪዳን ፈቃድ እንደማይቀበሉ ያውቃል። ስለዚህ ቤቱ ካዝና ውስጥ ቆልፎበት ወጣ። ጠንቃቃ ሰው የሚያደርገውን አደረገ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላብራራ። መንጃ ፈቃድ በአንዱ ስቴት ከወጣ በሁሉም ይሠራል። የሽጉጥ ፈቃድ ግን እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱ ስቴት የማንን ፈቃድ እንደሚቀበል ራሱ ይወስናል። ሜሪላንድ የየትኛውንም ስቴት ፈቃድ አይቀበልም። ዲሲም እንደዚያው። በቨርጂኒያ ሕጋዊ የሆነው ሽጉጥ ሜሪላንድ ሲገባ ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ ሰውዬው ያው፣ ሽጉጡ ያው፣ ፈቃዱም ያው ሆኖ ሳለ።

## መንገድ ላይ የሆነው

ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ሰውዬው ራሱ ለአንድ የፍሎሪዳ ጋዜጣ የተናገረው ነው።

ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነው። አይ-95 አውራ ጎዳና ላይ፣ ባልቲሞርን እያለፉ። አንድ የፖሊስ መኪና ተከተላቸው። ጎናቸው ሆነ፣ ቀደማቸው፣ ደግሞ ወደ ኋላ ቀረ። ከዚያ አስቆማቸው። መንጃ ፈቃድና የመኪና ሰነድ ጠየቀ። ሰውዬው ሰጠ። መንጃ ፈቃዱ ላይ ስለ ሽጉጥ አንድም ቃል አልተጻፈም።

ፖሊሱ መኪናው ውስጥ ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ፍጥነት አልነበረም። ሽጉጥ እንዳለህ አውቃለሁ፣ የት ነው? አለው። ሰውዬው «ቤቴ ካዝና ውስጥ ነው» ብሎ መለሰ። እውነቱን ነው።

ፖሊሱ በዚህ አላበቃም። ሰውዬውን ከመኪናው አስወርዶ ወደ ሚስትየው ሄደ። ያንኑ ጥያቄ ጠየቃት። እሷ መሣሪያ ነገር አትወድም። ደነገጠች። አላውቅም አለች። ግን እዚያ ላይ አላቆመችም። ምናልባት ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ይሆናል፣ ወይም መሐሉ ሳጥን ውስጥ ይሆናል፣ እርግጠኛ አይደለሁም የሚል ነገር ጨመረችበት።

ከዚያ በኋላ ያለውን መገመት ቀላል ነው። ፖሊሱ ወደ ባልየው ተመልሶ ውሸታም አለው። ቤተሰብህ እዚህ አለ እያለ አንተ ቤት ነው ትላለህ? ተጨማሪ ፖሊሶች መጡ። ልጆቹ ወረዱ። ሻንጣው ተፈታ፣ መቀመጫው ተገለበጠ። መኪናው ከአንድ ሰዓት በላይ ተፈተሸ።

ምንም አልተገኘም። ቤተሰቡ የፍጥነት ማስጠንቀቂያ ወረቀት ተሰጥቶት መንገዱን ቀጠለ።

## ከዚያ በኋላ የተወሰዱ እርምጃዎች

ሰውዬው አቤቱታ አቀረበ፤ ለጋዜጣም ተናገረ። የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች ደውለው ይቅርታ እንደጠየቁት ገልጿል። ታሪኩ ፍሎሪዳ ላይ ሳይቀር በመላ አገሪቱ ተወራ።

የቨርጂኒያ ምክር ቤት በ2015 አንድ ረቂቅ አሳለፈ። የቨርጂኒያን ፈቃድ ለማይቀበሉ ስቴቶች ፖሊስ የቨርጂኒያ ባለፈቃዶች መረጃ እንዳይሰጥ የሚከለክል ነበር። የወቅቱ ገዥ ቴሪ ማክኦሊፍ በቬቶ ጣሉት።

የበለጠ ክብደት ያለው ግን በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር የመጣው ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሮድሪጌዝ ተብሎ በሚታወቀው ጉዳይ አንድ መስመር አሰመረ። ፖሊስ አንድን ሰው በትራፊክ ጥፋት ካስቆመ የዚያን ጉዳይ ሥራ ጨርሶ መልቀቅ አለበት። ሌላ ተጨባጭ ጥርጣሬ ከሌለው ማቆየት አይችልም። ጉዳዩ አደንዛዥ ዕፅ በሚያሸት ውሻ የተደረገ ፍተሻ እንጂ የሽጉጥ አልነበረም። ግን «ፈቃድ እንዳለህ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ቁም» ለሚል ፖሊስም መልስ አለው።

መንገዱ በዚህ ብቻ አልቀና። በ2017 መጀመሪያ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን የሚዳኘው የአራተኛው ምድብ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ሌላ ውሳኔ ሰጠ። በሕግ አግባብ የቆመ ሰው መሣሪያ ታጥቋል ብሎ በበቂ ምክንያት ካመነ፣ ፖሊሱ ለደኅንነቱ ሰውዬውን በእጁ ደባብሶ መፈተሽ ይችላል አለ። ሰውዬው ፈቃድ ቢኖረውም ባይኖረውም ለውጥ የለውም። የታጠቀ ሰው እንደ አደገኛ ሊቆጠር ይችላል።

ይህን ውሳኔ ይዘን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ።

## ካርዱ ላይ ቢጻፍ ኖሮስ?

ይጻፍ የሚሉ ሰዎች አንድ ካርድ ይበቃል ይላሉ። ወጪ ይቀንሳል፣ ማጭበርበርም ይከብዳል፣ ፖሊሱም ሳይደናገጥ ያውቃል። በዚህ ጉዳይ ግን ፖሊሱ ያውቅ ነበር። ካርዱ ባይነግረውም አውቋል። ከማወቁ የተረፈው ሰላም ሳይሆን ፍተሻ ነው። የጎደለው መረጃው አይደለም። የጎደለው መረጃውን ሲያገኝ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረው መመሪያ ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ማለት የጣት አሻራው ወይም የኋላ ታሪኩ ተመርምሮ ያለፈ ሰው ማለት ነው። ያንን መረጃ እንደ ጥርጣሬ ማንበብ ነገሩን ገልብጦ ማንበብ ነው።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ካርድ የሚነበበው ከኪስ ከወጣ በኋላ ነው። አደጋው ያለው ደግሞ ከኪስ ሲወጣ ነው። በጁላይ 2016 ሚኒሶታ፣ ፋልከን ሃይትስ ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የ32 ዓመት ሰው ነው፣ ትምህርት ቤት የምግብ አዳራሽ ውስጥ የሚሠራ። ሽጉጥም ፈቃድም ነበረው። ፖሊሱ መንጃ ፈቃድና ኢንሹራንስ ጠየቀው። ኢንሹራንሱን ሰጠ። ከዚያ በትህትና መሣሪያ መያዙን ተናገረ። በሰከንዶች ውስጥ ሰባት ጥይት ተተኮሰ። አብራው የነበረችው ጓደኛው መንጃ ፈቃዱን ሊያወጣ ነበር ብላለች። ፖሊሱ ደግሞ ሽጉጡን ሊያወጣ መስሎኝ ነው አለ። በ2017 ፍርድ ቤት በነጻ ለቀቀው። ካርዱ ላይ በትልቅ ፊደል ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ማን ያነበው ነበር? ከዚያ በኋላ ሚኒሶታ ውስጥ መታደል የጀመረው ነገር በጣም ቀላል ነው፤ ሰነዶቹን የሚይዝ፣ መኪናው ፊት ለፊት የአየር መውጫው ላይ የሚንጠለጠል ግልጽ ከረጢት። እጅ ወደ ኪስ እንዳይሄድ።

ሦስተኛው፣ መንጃ ፈቃድ የፖሊስ ካርድ ብቻ አይደለም። ሆቴል ይጠየቃል፣ መድኃኒት ቤት ይጠየቃል፣ መኪና ኪራይ ይጠየቃል፣ ቢራ ሲገዛ ይጠየቃል። አንዳንዱ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ያ ወረቀት በማን እጅ ይገባል? በማርች 2007 አንድ የሮአኖክ ጋዜጣ የቨርጂኒያ ባለፈቃዶችን ስም ዝርዝር በይነመረብ ላይ አወጣ። ቁጣው ስለበረታ በማግስቱ አወረደው። ከቁጡዎቹ መካከል የሚያሳድዳቸውን ሰው ሸሽተው አድራሻ የቀየሩ ነበሩ። ሌባም ቢሆን ሽጉጥ ያለበትን ቤት ማወቅ ይፈልጋል፤ ባለቤቱ ሲወጣ ጠብቆ ይገባል።

አራተኛው ትንሽ ይመስላል፣ ግን ለእኔ ዋነኛው ነው። ካርድ አይሻርም። ቨርጂኒያ ውስጥ የሽጉጥ ፈቃድ 5 ዓመት ያገለግላል። መንጃ ፈቃድ እስከ 8 ዓመት። ሁለቱን አንድ ላይ ካተምናቸው ለሦስት ዓመት ያህል የሞተ ፈቃድ ኪስ ውስጥ ይዞራል። ከዚህ የከፋም አለ። በባለቤቱ ወይም በሌላ ሰው ላይ ጥቃት አድርሷል ተብሎ ፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ የሰጠበት ሰው በቨርጂኒያ ሕግ ፈቃዱን ለፍርድ ቤት ማስረከብ አለበት። የሽጉጥ ፈቃዱ ብቻውን ካርድ ከሆነ ይረከቡታል። መንጃ ፈቃዱ ላይ ከታተመ ምን ያደርጉታል? ሰውዬው መኪና መንዳት አልተከለከለም። የፖሊስ ኮምፒውተር ግን በአንድ ቁልፍ ይታደሳል። የቨርጂኒያ ፖሊስ የፈቃዱን መኖርና አለመሻሩን የሚያየው በዚሁ መንገድ ነው።

የመጨረሻው፣ ምልክቱ ራሱ ዋጋ እያጣ ነው። እስከ 2024 ድረስ 29 ስቴቶች ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ሸሽጎ መያዝን ፈቅደዋል። ፍሎሪዳ ራሷ ከጁላይ 2023 ጀምሮ አንዷ ናት። ስለዚህ ካርዱ ላይ ምልክት አለመኖሩ ሰውዬው አልታጠቀም ማለት አይደለም። ምልክት መኖሩም ታጥቋል ማለት አይደለም፤ የባልቲሞሩ ሰው ሽጉጡ ፍሎሪዳ ነበር። ምልክቱ የሚናገረው አንድ ቀን አንድ ሰው ማመልከቻ መሙላቱን ነው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱን ውሳኔ ስንጨምርበት ደግሞ ሕግ አክብሮ የተመዘገበው ሰው ሳይመዘገብ ከያዘው ይልቅ ለፍተሻ ይጋለጣል።

እና የእኔ መልስ፦ መንጃ ፈቃድ ላይ አይጻፍ። ፖሊስ በኮምፒውተሩ ይየው፤ ካየው በኋላ የሚጠይቀውና የማይጠይቀው ግን በመመሪያ ይወሰን።

## የሠራውና ያልሠራው

ሰውዬው በትክክል ያደረገው ብዙ ነው። ሽጉጡን ቤቱ ትቶ ወጣ። ይህ አንዱ ውሳኔ ከእስር አድኖታል። ሽጉጡ ዳሽቦርዱ ውስጥ ቢሆን ኖሮ የሜሪላንድ ሕግ ይጠብቀው ነበር። ሲጠየቅ አልዋሸም። አልተጋፋም። ኋላ ላይ አቤቱታውን በትክክለኛው በር አቀረበ።

ያልሠራው አንድ ነገር ነው፤ ቤት ውስጥ አለመነጋገር። ባልየው ሽጉጡ የት እንዳለ ያውቃል፣ ሚስትየው አታውቅም። ለነገሩ ጥፋት አልሠራችም። «አላውቅም» ትክክለኛ መልስ ነበር። ችግሩ ከ«አላውቅም» በኋላ «ምናልባት» መጨመሯ ነው። እኛም ይህን እናውቀዋለን። ባለሥልጣን ሲጠይቀን ባዶ እጁን መመለስ ይከብደናል። ለመርዳት ብለን ግምት እንጨምራለን። መንገድ ዳር ላይ ግን ግምት እንደ ምስክርነት ይያዛል።

ፖሊሱም ቢሆን ከጥያቄው አልተጠቀመም። ባልና ሚስትን ለያይቶ መጠየቅ ለወንጀል ምርመራ የሚሆን ዘዴ ነው። ለፍጥነት ማስጠንቀቂያ ሲሆን ግን ሁለት የተለያየ መልስ ከማምረት ሌላ አይፈይድም።

## ለእኛ ሰፈር

ፈቃድ ያላችሁ ወይም ልታወጡ ያሰባችሁ ሰዎች ከዚህ ጉዳይ የሚወሰድ ተግባራዊ ነገር አለ።

የቨርጂኒያን ፈቃድ የሚሰጠው የምትኖሩበት ካውንቲ ወይም ከተማ ሰርኪዩት ኮርት ነው። ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም። ግሪን ካርድ ያለውም ማመልከት ይችላል። ስልጠናው ከ2021 ጀምሮ በአካል ካልሆነ በኢንተርኔት ብቻ አይቆጠርም። ሽጉጥ ይዛችሁ ፖሊስ ቢያስቆማችሁና ፈቃዱን ቢጠይቅ፣ ፈቃዱንና ፎቶ ያለበት መታወቂያ የማሳየት ግዴታ አለባችሁ። ሳይጠየቁ የመናገር ግዴታ ግን ቨርጂኒያ ውስጥ የለም። ሰሜን ካሮላይናና ሚሺጋን ግን ይዛችሁ ከሆነ ሳትጠየቁ መናገር አለባችሁ። ዘመድ ጥየቃ ስትወጡ ይህን አስቀድማችሁ እዩት።

የዊልሰን ድልድይን ደግሞ አትርሱት። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሜሪላንድ የሚያሻግረው ነው። መሐሉ ላይ የዲሲን ጫፍ ይነካል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከቨርጂኒያ ዲሲ፣ ከዲሲ ሜሪላንድ ትገባላችሁ። ወገባችሁ ላይ ያለው ሽጉጥ ድልድዩ መጀመሪያ ላይ ሕጋዊ ነበር፣ ማዶ ሲደርስ አይደለም። የግድ ይዞ ማለፍ ካለባችሁ በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። መነሻውም መድረሻውም ሽጉጡ የሚፈቀድበት ቦታ ከሆነ፣ ጥይቱ ወጥቶ፣ በእጅ በማይደረስበት ትራንክ ውስጥ ማጓጓዝ ይፈቅዳል። ትራንክ ከሌለው መኪና በተቆለፈ ሳጥን፤ ዳሽቦርድና መሐሉ ሳጥን አይቆጠሩም። ሲልቨር ስፕሪንግ ለቅሶ ደርሶ መመለስ ግን በዚህ አይሸፈንም። ቤት ተዉት።

ሲያስቆማችሁ ከመኪና አትውረዱ። አገር ቤት ትራፊክ ፖሊስን ወርዶ ማነጋገር የለመደ ሰው እዚህም ሳያስበው በሩን ይከፍታል። ቁጭ በሉ፣ እጃችሁ መሪው ላይ ይታይ፣ ሰነድ ከማውጣታችሁ በፊት የት እንዳለ ተናገሩ። መኪናውን ልፈትሽ ካለ «አልፈቅድም» ማለት መብት ነው። ድምፅ ሳይጨምሩ፣ እጅ ሳያነሱ። እንቢ ብላችሁም ከፈተሸ አትጋፉ፤ ያ እንቢታ በኋላ ፍርድ ቤት ይጠቅማል።

ይህን ጽሑፍ ስጨርስ አንድ ጓደኛዬን ደውዬ ሽጉጥህ የት ነው አልኩት። «ቁም ሳጥን ላይ፣ ተቆልፎ» አለኝ። ባለቤቱን አቅርብልኝ አልኩትና ያንኑ ጠየቅኳት።

«እኔ እንጃ» አለች። «መኪናው ውስጥ መሰለኝ።»